ከ«እናንተ» ወደ «እኛ»፤ የሞሎካዩ ቅዱስ ዳምያን ሕይወት

በጥምቀት ክርስቲያን ተብለን ተጠርተናል። እንጸልያለን፤ እንጾማለን፤ ሰንበትን እናከብራለን፤ ካለን ላይም ለድኾች እንመጸውታለን። ይህ ሁሉ መልካምና ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ክርስቲያናዊ ኑሮ በእውነቱ ምን እንደሆነ ለመረዳት ስንሻ፣ ከብዙ ትምህርት ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት አጥርቶ የሚያሳየን ጊዜ አለ። በዚህ እትም የምናስታውሰው ቅዱስ ዳምያን እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዱ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳምያን በ1840 ዓ.ም. በቤልጅየም አገር፣ ትሬምሎ በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዮሴፍ ነበር። አባቱ ገበሬና የእህል ነጋዴ ስለ ነበሩ ልጃቸው በንግዱ እንዲረዳቸው ተስፋ አድርገው ነበር። እርሱ ግን የታላቅ ወንድሙን የአባ ፓምፊልን ፈለግ ተከትሎ ወደ ኢየሱስና ማርያም ቅዱሳት ልቦች ማኅበር ገባ፤ ዳምያን የሚለውንም ስም ያን ጊዜ ተቀበለ። ወንድሙ ወደ ሐዋይ ደሴቶች ለስብከተ ወንጌል ሊሄድ ተዘጋጅቶ ሳለ በተስቦ ታመመ። ገና ክህነት ያልተቀበለው ዳምያን በወንድሙ ምትክ እንዲላክ ራሱ ለማኅበሩ የበላይ አለቃ ጽፎ ለመነ፤ ተፈቀደለትም። ከወራት የባሕር ጉዞ በኋላ በማርች 1864 ሆኖሉሉ ደርሶ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ቅስና ተቀበለ። ከዚያም ለዘጠኝ ዓመታት ያህል በትልቁ የሐዋይ ደሴት እየተዘዋወረና በገዛ እጁ ጸሎት ቤቶችን እየሠራ አገለገለ።

በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ በደሴቶቹ ተስፋፍቶ ነበር። መንግሥት በ1865 ባወጣው ሕግ መሠረት ሕሙማኑ ከ1866 ጀምሮ ወደ ሞሎካይ ደሴት ይጋዙ ጀመር። የተሰጣቸው ስፍራ በሦስት ወገን ባሕር፣ በአንድ ወገን ቀጥ ያለ ገደል የዘጋው ምድር ነበር። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ይሄዳል፤ የሄደም አይመለስም።

በ1873 ጳጳሱ አቡነ ሉዊ ሜግሬ የእነዚህን ሰዎች መንፈሳዊ ረኃብ ለካህናቶቻቸው ገለጹ። የሚሄደው ሰው ሕይወቱን ለአደጋ እንደሚሰጥ ያውቁ ነበርና ማንንም በትእዛዝ ለመላክ አልፈለጉም። አራት ካህናት በየተራ ለመሄድ ፈቃደኞች ሆኑ። የመጀመሪያው ተራ ለዳምያን ደረሰ። በሜይ 10 ቀን 1873፣ በ33 ዓመቱ፣ ሞሎካይ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ለመቅረት ጠየቀ።

የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያሳለፈው ከአንድ ዛፍ ሥር ነበር። ከዚያ በኋላ ያልሠራው ሥራ አልነበረም ለማለት እንደፍራለን። ቁስል አጠበ፤ ፋሻ ጠቀለለ፤ ውኃ በቧንቧ እንዲመጣ አደረገ፤ ቤት ሠራ፤ ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት መጠለያ አቆመ፤ የሬሳ ሣጥን አበጀ፤ መቃብር ቆፈረ። መዘምራንንም አደራጀ፤ በሽተኛ ሰው ከእንጀራ ሌላ ደስታም እንደሚያሻው ያውቅ ነበርና። ሕሙማኑ በጣታቸው ከሚበሉበት ሳሕን አብሮ በላ። ከአንድ መሶብ ለምንቆርስ ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልናስተውላት የሚገባን አንዲት ቃል ናት። ዳምያን በስብከቱ ሕሙማኑን ወንድሞቼ ብሎ ከመጥራት ይልቅ፣ እኛ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እያለ ይናገር ነበር፤ ይህንንም በዚያው በ1873 ለወንድሙ ጽፎለታል። በሽታው በራሱ ላይ የታወቀው ግን በ1884 መጨረሻ፣ እግሩን በጣም በሞቀ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሳለ ቃጠሎው ሳይሰማው በቀረ ጊዜ ነው። እንግዲህ «እኛ» ያለው ገና ጤነኛ ሳለ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነበር። በሽታው የመጣው ፍቅር ቀድሞ የተናገረውን ቃል በሥጋው ላይ ለመጻፍ ብቻ ነው።

ይህች ቃል ብዙ አስከፈለችው። ከስፍራው መውጣት በተከለከለበት ጊዜ የማኅበሩ አለቃ በመርከብ ሲመጡ የመርከቡ አዛዥ እንዳይወርዱ ከለከላቸው። ዳምያን በታንኳ ወደ መርከቡ ቀርቦ፣ ሰዎች እየሰሙ፣ ኃጢአቱን በፈረንሳይኛ ጮክ ብሎ ተናዘዘ።

ቅዱሳንን ጉድለት የሌላቸው አድርገን መሳል አይጠቅመንም። ዳምያን ቁጡና ግትር ነበር። ለሕሙማኑ እንጨትና መድኃኒት ሲጠይቅ ባለሥልጣኖቹን ያሰለች፣ አለቆቹንም ያስቸግር ነበር፤ ሊረዱት ከመጡ ካህናት ጋርም ሁልጊዜ አልተስማማም። እግዚአብሔር የተጠቀመበት ከነጠባዩ ነው። ስለዚህ ጠባዬ አስቸጋሪ ነው ብለን ከፍቅር ሥራ የምናመልጥበት ምክንያት የለንም።

በኋለኞቹ ዓመታት ረዳቶች መጡለት፤ ከእነርሱም አንዷ በ1888 የደረሱት እኅት ማርያነ ኮፕ፣ በኋላ ራሳቸው ቅድስና የታወጀላቸው፣ ሥራውን ተረከቡ። ዳምያን በኤፕሪል 15 ቀን 1889፣ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ በ49 ዓመቱ ዐረፈ። ር.ሊ.ጳ. ቤነዲክቶስ 16ኛ በ2009 ቅድስናውን አወጁ፤ መታሰቢያውም ሞሎካይ በገባበት ዕለት፣ በሜይ 10 ይከበራል።

ዛሬ የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል። የሰው መጸየፍ ግን በመድኃኒት አይድንም። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጣቱ ለተቆረጠ ወንድማችን ሳንቲም ስንሰጥ፣ እጃችን እጁን እንዳይነካው አንጠነቀቅምን? ሳንቲሙ ምጽዋት ነው፤ ጥንቃቄው ግን አንተ ሌላ ነህ የሚል ድምፅ የሌለው ስብከት ነው። በየሰፈራችንም «እነርሱ» ብለን የምንለያቸው አሉ፤ ከእስር የተመለሰው፣ አእምሮው የታወከው፣ ከስደት ባዶ እጇን የተመለሰችው እኅት። የክርስትናችን ልክ የሚታወቀው ለእነዚህ በሰጠነው መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ስለ እነርሱ ስንናገር በምንመርጠው ቃልና ከእነርሱ ጋር በምንቀርብበት ገበታ ነው። ጌታችንም ከሩቅ ሆኖ አልረዳንም፤ ሥጋችንን ለብሶ ከእኛ እንደ አንዱ ሆነ እንጂ።

ሁላችንም ሞሎካይ እንድንሄድ አልተጠራንም። «እነርሱ» ከምንላቸው መካከል አንድ ሰው መርጠን ወደ ቤቱ መሄድ፣ ስሙን ጠይቀን መጥራትና ከገበታው መቁረስ ግን ከማናችንም ዐቅም በላይ አይደለም። በቅዱስ ዳምያን አማላጅነት ይህን የምንጀምርበትን ጸጋ እግዚአብሔር ያድለን። አሜን።