ጌዎርግ ኬርሸንሽታይነር፦ ከሕፃናት ሥዕል እስከ ሙያ ትምህርት

አንድ ሕፃን ወደፊት ምን መሆን እንደሚመኝ ሲጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ከወላጆቹ ወይም ከመምህሩ የሰማውን ነው። ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቶት ራሱን በሥራ ላይ ሆኖ እንዲሥል ቢደረግ ግን፣ በቃል ያልገለጸው ሊታይ ይችላል። የያዘው መሣሪያ፣ የቆመበት ስፍራና አብረውት ያሉት ሰዎች ስለ ራሱና ስለ ሙያ ያለውን ግምት ለአማካሪው ያመለክታሉ። ይህ ዘዴ ከመለመዱ አስቀድሞ የሕፃናትን ሥዕል በብዛት ሰብስበው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ጀርመናዊው የትምህርት ሰው ጌዎርግ ኬርሸንሽታይነር ነበሩ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬርሸንሽታይነር ሐምሌ 29 ቀን 1854 በሙኒክ ከተማ ከድሃ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው በመምህርነት ሠልጥነው በረዳት መምህርነት አገለገሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ደረጃ መቅረትን ስላልወደዱ ሥራቸውን ትተው እንደገና ተማሪ ሆኑ፤ የሂሳብና የፊዚክስ ትምህርት ተከታትለውም በ1883 የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ። ከዚያም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ ቆይተው፣ በ1895 የሙኒክ ከተማ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ሆኑ። በዚህም ሥልጣን እስከ 1919 ቆዩ።

በዚያን ዘመን የሥዕል ትምህርት በአመዛኙ የተዘጋጀ ናሙና እያዩ መቅዳት ነበር። ኬርሸንሽታይነር የማስተማሪያውን ዕቅድ ከመለወጣቸው በፊት ሕፃናቱ ያለ ማንም ርዳታ ምን ሊሥሉ እንደሚችሉ ለማወቅ ፈለጉ። ስለዚህም በከተማው ትምህርት ቤቶች ልጆች ከአእምሯቸው ሰውን፣ እንስሳን፣ ዛፍን፣ በበረዶ ኳስ የሚወራወሩ ልጆችን ጭምር እንዲሥሉ አደረጉ። የተሰበሰቡት ሥዕሎች ከብዙ አሥር ሺህ በላይ ነበሩ። ውጤቱም በ1905 በመጽሐፍ ታተመ። ትንሹ ልጅ የሚሥለው የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን መሆኑ፣ ከዚህም እየተነሳ በደረጃ ወደ ዓይን እይታና ወደ ጥልቀት አቀማመጥ እንደሚሻገር በመጽሐፉ ተብራርቷል።

ይህ ጥናት በቀጥታ ስለ ሙያ ምርጫ የተደረገ አልነበረም። ሆኖም ትምህርት ልጁ በእጁና በዓይኑ ከሚሠራው መነሳት አለበት የሚለው እምነታቸው በሌላው ታላቅ ሥራቸውም ላይ ይታያል። ይኸውም ከ1900 ጀምሮ ለለማጅ ሠራተኞች የተሰጠውን ትምህርት በሙያ በሙያው ማደራጀታቸው ነው። ከዚያ በፊት ወጣቶቹ የአንደኛ ደረጃውን ትምህርት ይደግሙ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሠሪውና አናጢው ሂሳቡን፣ ንድፉንና የዜግነት ትምህርቱን ከየሥራው ጋር አያይዞ ይማር ጀመር። በ1901 ስለ ወጣቶች የዜግነት ትምህርት ያቀረቡት ጽሑፍ በኤርፉርት አካዳሚ ተሸለመ። በ1908 በዙሪክ ባደረጉት ንግግርም የወደፊቱ ትምህርት ቤት የሥራ ትምህርት ቤት እንደሚሆን አስገነዘቡ። ጥር 15 ቀን 1932 በተወለዱበት ከተማ አረፉ።

የኬርሸንሽታይነር ሥራ ግን ከዘመኑ ልማድ ያልተላቀቀበት ገጽታም አለው። በትምህርት ቤቶቻቸው ወንዶቹ ወደ እንጨትና ብረት መሥሪያ ክፍል፣ ሴቶቹ ወደ ማዕድ ቤት ተመደቡ። በሥዕል ጥናታቸውም ወንዶቹ በአብዛኛው በልጠው፣ ሴቶቹ ግን በጌጥ ሥራ ልቀው ተገኙ። ነገር ግን የሁለቱም ፆታ ልጆች የተማሩትና ከኑሮ የተጠበቀባቸው ሥራ የተለያየ ስለ ነበር፣ ከተፈጥሮ የመጣውንና ከአስተዳደግ የመጣውን ሥዕሉ ብቻውን ሊለየው አይችልም።

ይህም ከብዙ ዓመታት በኋላ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በ1983 ዴቪድ ቼምበርስ ባሳተሙት ጥናት 4,807 ሕፃናት ሳይንቲስት እንዲሥሉ ተጠይቀው፣ ሴት ሳይንቲስት የሣሉት 28 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ 28ቱም ሴቶች ልጆች ነበሩ። በሥዕሎቹ ላይ የታየው ኅብረተሰቡ ለማን የትኛውን ሥራ እንደ ሰጠ እንጂ የልጆቹ የችሎታ ወሰን አልነበረም።

ስለዚህ የሙያ አማካሪ ከኬርሸንሽታይነር ሕይወት የሚወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለልጅ ዕቅድ ከማውጣት በፊት የልጁን ሥራ በትዕግሥት መመልከት ነው። ሁለተኛው፣ ሥዕሉን ለመመደቢያ ፍርድ ሳይሆን ለጭውውት መክፈቻ ማድረግ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚሠራና ሌላው ሥራ ለምን እንዳልተሣለ ተጠይቆ መልስ የሚሰጠው ልጁ ራሱ ነው። ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ጠባብ ግምት የልጁ ዕድል ሆኖ ይቀራል።