ትሪኪናን ከገበታ ያራቁት ሐኪም

ኮሶን የማያውቅ አንባቢ ይኖረናል ብለን አናስብም። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ሌላ ትል ነው። ኮሶ ጠፍጣፋ ሲሆን ትሪኪና የምትባለው ትል እንደ ወስፋት ድቡልቡል ናት፤ ሆኖም እጅግ ደቃቃ ስለሆነች በዓይን ለይቶ ማየት ያዳግታል። ይህችን ትል ከሰው ገበታ ለማራቅ አብዝተው ከደከሙት አንዱ ጀርመናዊው ሐኪም ዶክተር ሩዶልፍ ፊርኾ ናቸው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ፊርኾ በ1821 ዓ.ም. ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው ሺፈልባይን በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1843 ዓ.ም. በበርሊን የሕክምና ትምህርታቸውን ጨረሱ። በ1848 ዓ.ም. በላይኛው ሲሌዝያ የገባውን ተስቦ መርምረው የበሽታው ሥር ድኽነት ነው ብለው ስለ ጻፉ ሹማምንቱ አልወደዱላቸውም። ስለ ሰውነት ሕዋሳት የጻፉት ዝነኛ መጽሐፍ የታተመው በ1858 ዓ.ም. ነው።

ትሪኪና በ1835 ዓ.ም. በሎንዶን በሬሳ ጡንቻ ውስጥ ተገኝታ ነበር። ነገር ግን ከየት እንደምትመጣ አልታወቀም፤ ጉዳት የላትም የሚሉም ሊቃውንት ነበሩ። ፊርኾ በ1859 ዓ.ም. ትሪኪና ያለበትን ሥጋ ለውሻ አብልተው ከጥቂት ቀን በኋላ በአንጀቱ ውስጥ ያደጉ ትሎች አገኙ። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ በድሬዝደን ሆስፒታል አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ ታይፎይድ ነው ተብላ ተኝታ ሞተች። ዶክተር ጼንከር ሬሳዋን ቢመረምሩ ጡንቻዋን ግልገል ትሎች ሞልተውት አገኙ። ለገና ከታረደው አሳማ የተረፈው ሥጋም ያንኑ ትል የያዘ ነበር። ጼንከር ከጡንቻዋ ለፊርኾ ላኩላቸው፤ እርሳቸውም ለጥንቸል አብልተው ትሉ ወደ ጥንቸሏ ጡንቻ መዛመቱን አረጋገጡ።

የትሪኪና ኑሮ አስገራሚ ነው። ሥጋው በሆድ ሲፈጭ በጡንቻው ተጠቅልሎ የነበረው ግልገል ይፈታና በጥቂት ቀን ውስጥ በአንጀት አድጎ ይዋለዳል። ሴቲቱ እንደ ወስፋት እንቁላል አትጥልም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ግልገሎች በሕይወት ትወልዳለች። እነርሱም በደም ተጉዘው ጡንቻ ውስጥ ገብተው ይጠቀለላሉ፤ በዚያም ለዓመታት ይቆያሉ። አሳማው የሚለከፈው ትሉ ያለበትን የሥጋ ትራፊ ወይም አይጥ በመብላት ነው። በበሽተኛው ላይ ፊቱ ያብጣል፤ ጡንቻው ይቆረጥመዋል፤ ትኩሳቱም ይበረታል።

ፊርኾ ለሕዝብ የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ ጽፈው የአሳማ ሥጋ በደንብ ይብሰል፤ ከታረደም በኋላ በማይክሮስኮፕ ይመርመር አሉ። ባለልኳንዳዎቹ ገበያችንን ሊያጠፋ ነው ብለው ተቈጡ። ነገር ግን በ1865 ዓ.ም. ሄደርስሌበን በምትባል ትንሽ ከተማ 337 ሰዎች ታመው 101 ሞቱ።

በዚያው ዓመት ቢስማርክ ፊርኾን ለፍልሚያ ጠርቷቸው ነበር። ፊርኾ መሣሪያው ቋሊማ ይሁን፤ አንዱም ትሪኪና ያለበት ይሁን አሉ እየተባለ ይወራል። ወሬው ያስቃል፤ እውነቱ ግን ጠቡ የተነሣው በባሕር ኃይል ገንዘብ ምክንያት ነው፤ ፊርኾም ፍልሚያውን እምቢ ብለዋል።

የበርሊን ማዘጋጃ ቤት አማካሪ ሆነው የታገሉለት ትልቅ ቄራ በ1881 ዓ.ም. ተከፈተ። መርማሪዎቹ ከአሳማው የደረትና የሆድ መለያ ጡንቻ ጥቂት ቈርጠው፥ በሁለት መስተዋት መካከል ጨፍልቀው በማይክሮስኮፕ ያዩ ነበር። የሥጋ ምርመራ ለመላው ጀርመን የታወጀው በ1900 ዓ.ም. ነው። ፊርኾ በ1902 ዓ.ም. ጥር ወር ከትራም ሲወርዱ ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በ80 ዓመታቸው ዐረፉ።