ከሸኖ በኋላ ያለው አበበ ቢቂላ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሲጓዙ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ሸኖ ይደርሳሉ። ለአብዛኛው መንገደኛ ሸኖ ማለት ለጋ ቅቤ ማለት ነው። እኔም በጥብቅና ሥራ ይህን መንገድ በተመላለስኩባቸው ዓመታት፣ ቅቤ ሳልይዝ ተመልሼ ከቤት ሰዎች ጋር የተኳረፍኩባቸው ቀናት አሉ። ይሁንና ከተማዋን ባለፍኩ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ቅቤው ሳይሆን መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት በዚሁ አካባቢ የተገለበጠች አንዲት ቮልስዋገን ናት። ውስጧ ተቀርቅሮ ያደረው ሰው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነበር።

ስለ አበበ ያልተባለ ምን ቀረ የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ሮምንና ባዶ እግሩን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። የእኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ታሪኩን ስንተርክ ሸኖ ላይ እናቆመዋለን። ከዚያ በኋላ የኖረባቸውን አራት ዓመት ተኩል በአንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ያውም ከንፈራችንን እየመጠጥን፣ አልፈን ቀብሩ ላይ እንደርሳለን። እኔ ደግሞ የሰውየው ትልቁ ውድድር ከሸኖ ወዲህ ነው ባይ ነኝ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከመንዲዳ ከተማ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በአጋጣሚ የሎስ አንጀለሱ ኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠውም በዚያው ዕለት ነበር። የትውልድ ቦታውን ከሚጽፉት መካከል አንዱ ከሰላሌ ሌላው ከደብረ ብርሃን ይቆጥረዋል። መንዲዳ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ናት፤ ደብረ ብርሃን በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ። ሁለት ሰሜን ሸዋ ባለበት አገር ይህ ሙግት ቶሎ የሚዘጋ ስላልሆነ የሕግ ሰው ብሆንም አልገባበትም። አገሩ ግን ያው አንድ አገር ነው፤ ውርጭ የሚመታው፣ ነፋሱ የሚያፏጭበት፣ ገብስና በግ የሚበዛበት ደጋ።

ጣሊያን ሲወረን አበበ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ቤተሰቡ ከቀዬው ተፈናቅሎ ወደ ጎሮ ሸሸ። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ በዚህ መሀል ከአባቱ ተለያይተው ሌላ ትዳር መሥርተዋል። ወደ ጃቶ አካባቢ ከተመለሱ በኋላ ልጁ ከብት እየጠበቀ፣ ገና እየተጫወተ አደገ። የደጋውን የገና ጨዋታ ያየ ሰው ይህን አቅልሎ አይመለከተውም። የአንዱ ወገን ግብ ከሌላው አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ ሜዳው እርሻውና ጋራው ነው። ዛሬ አገር አቋራጭ የምንለውን ሩጫ አበበ አሰልጣኝ ከማየቱ በፊት ጨርሶታል ማለት ይቻላል።

በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። እዚያም ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘው። ከሱሉልታ ኮረብታዎች ከተማ ድረስ መሮጡን፣ በጦር ሠራዊቱ ውድድር ከዋሚ ቢራቱ ቀጥሎ ሁለተኛ መውጣቱን በአጭሩ ልለፈው።

ሮም ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ቀኑ ጳጉሜን 5፣ 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አበበ ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ የሚገዛበት አጥቶ ነው የሚለው ወሬ ውጭ አገር በሰፊው ይነገራል፤ እኛም ተቀብለን አስተጋብተነዋል። ስህተት ነው። ጫማውን እዚያው ሮም ገዝቶ ነበር። ልክ ሳይሆነው ቀርቶ እግሩን ስላቆሰለው፣ ከለመደው ከባዶ እግሩ ጋር መሮጥን መረጠ። ምርጫ እንጂ ችግር አልነበረም።

ውድድሩ አመሻሹ ላይ ከካፒቶሊን ኮረብታ ሥር ተጀመረ። ከ20ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ አበበና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ከሌሎቹ ተነጥለው ወጡ። የሚያስቀው ነገር፣ አበበ ተጠንቅቆ ይፈልግ የነበረው 26 ቁጥር የለጠፈውን ራዲን ነው። ራዲ ግን በዚያ ቀን የሮጠው በ185 ቁጥር ነበር። ስለዚህ አበበ ተፎካካሪውን አጠገቡ አድርጎ እየሮጠ፣ ተፎካካሪዬ የት ደረሰ እያለ ሲጠባበቅ አመሸ። መጨረሻው ወደ አምስት መቶ ሜትር ሲቀረው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ደረሱ፤ ሙሶሊኒ ከአገራችን ነቅሎ ሮም ላይ ካስተከለው ሐውልት። አበበ ጥሎት የሄደው እዚያ ላይ ነው። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2:15:16.2 ሆነ፤ የዓለም ፈጣኑ። ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። በነጋታው እንቁጣጣሽ ነበር። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የገባው ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም አበበ ቀድሞታል።

የዚያ ዓመት ደስታ ብዙ አልቆየም። ሦስት ወር ከጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አበበ በጉዳዩ እጁ ባይኖርበትም የክፍሉ ወታደር ነበርና ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተጠይቋል። ዓለም ሲያጨበጭብለት የነበረ ሰው መርማሪ ፊት መቅረቡ የሚገርመው ይኖር ይሆናል፤ የአገራችንን ታሪክ ለሚያውቅ ግን ብርቅ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ አምስተኛ ወጣ። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ አርባ ቀን እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን ጫማ አድርጎ ብቻውን ስታዲየም ገባ። 2:12:11.2፤ ሁለተኛው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። አበበ እስከዚያው ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም። ከዚህ ድል በኋላ ከተሰጡት ሽልማቶች አንዷ ቮልስዋገኗ ናት።

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በእግር አጥንት ጉዳት ምክንያት ከ16ኛው ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይርቅ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ሸኖ የመጣችው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ያን ሌሊት ምን ሆነ? አበበ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ በፍጥነት ከፊት ለፊት የመጣ መኪና ለማምለጥ ሲል ነው መሪው ያልታዘዘው። መጠጥ የሚጠረጥሩም ጸሐፊዎች አሉ። ከሰልፈኛ ተማሪዎች ጋር የሚያያይዙትም አልጠፉም። እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ እንደ ልማዴ ምስክር ፈለግሁ፤ የለም። ያየው ሰው አልተገኘም፤ ከመኪናው ያወጡት ሲነጋ ነው። ባልተረጋገጠ ነገር ሟችን መውቀስ ደግሞ ከሕግም ከወግም ውጪ ነው። የተረጋገጠው አንድ ነገር ነው፤ በማለዳው ከመኪናው የወጣው አበበ ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም ነበር።

መጋቢት 20 ቀን ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። የሆስፒታሉ ስም ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ በአካል ጉዳተኞች ስፖርት ታሪክ ግን ከኦሊምፒያ አይተናነስም። ከናዚ የሸሸው አይሁዳዊው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1948 እ.ኤ.አ.፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በዊልቸር ላሉ የጦር ጉዳተኞች የቀስት ውድድር ያዘጋጀው በዚህ ሆስፒታል ግቢ ነው። የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ ተነሣ። አበበ በዚህ ስፍራ ስምንት ወር ተኛ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ጠየቁት፤ ከዓለም ዙሪያ የምሕረት ካርድ ጎረፈለት። መጀመሪያ ጭንቅላቱን ማዞር አይችልም ነበር፤ ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ አልተመለሱም።

በዚህ ጊዜ የ37 ዓመት ሰው ነው፤ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፤ ለማንም የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ቤቱ ቁጭ ብሎ መከበር ይችል ነበር። እርሱ ግን ቀስት አነሣ። በ1970 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ እዚያ ማንም ወርቅ አልጠበቀበትም።

በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ጋበዘችው። የተጋበዘው በክብር እንግድነት ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንዲያጨበጭብ ማለት ነው። አበበ በቀስትም በጠረጴዛ ቴኒስም ገባ፤ ከዚያም በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች የ25 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ውድድር ተሰለፈ። እስቲ አስቡት። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ የደጋ ሰው ነው፤ በረዶ የለበሰ ጫካ ውስጥ ውሾች እያስጎተቱ መሽቀዳደም ግን ሌላ ነገር ነው። ከወገቡ በታች አይታዘዘውም። ጋሪው ሲያጋድል የሚደገፍበት እግር የለውም፤ ያሉት ትከሻውና እጆቹ ብቻ ናቸው። አሥራ ስድስት ተወዳዳሪዎች ነበሩ። በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ።

እኔ በትምህርት ቤት ዘመኔ ይህን ታሪክ አልተማርኩም። ያነበብኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ትዝታችን የቀረው እግሩ ላይ ነው። እግሩን ነጋዴዎችም አልተዉትም፤ ባዶ እግር የመሮጥ ያህል ይሰማል የተባለ ጫማ የሚሠራ የውጭ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. አንዱን ምርቱን ቢቂላ ብሎ ሰየመው። ቤተሰቡ በ2015 አሜሪካን አገር ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ክሱ ዘግይቷል ብሎ ዘጋው። በውሾች ጋሪ ስም የሚነግድ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ከአንኮበር በኩል የመጣ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ከአይሱዙ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተጎድቷል፤ የካሳ ክስ ነው። ችሎቱ የሚያስችለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለም። የፍርድ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የብዙዎቹ ታሪክ ነውና። በየቀጠሮው ሁለት ወንድሞቹ ተሸክመው ያወጡታል፤ ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ተሸክመው ያወርዱታል። በአራተኛው ቀጠሮ አልመጣም። ከእንግዲህ በሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ሕዝብ ፊት መታየት እንደማይፈልግ፣ ብቻዬን እንድጨርስለት ላከብኝ። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጁ ወጣ፤ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ድንጋጌ አለው። በ2002 አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች። አዋጁ ጥሩ ነው፤ ደረጃውን ግን አላፈረሰውም።

ያን ሰው ሳስብ ሙኒክ ትዝ ይለኛል። በ1972 እ.ኤ.አ. አበበ በዊልቸር ሆኖ ኦሊምፒኩ ላይ በክብር እንግድነት ተገኘ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። የማራቶኑን ወርቅ የወሰደው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሄዶ ጨበጠው። አበበ ራሱን አልደበቀም። በአገሩም፣ በዓለምም ፊት ወንበሩ ላይ ሆኖ ታየ። ያኔ በአገራችን የሽባ ዘመድ ጓዳ ውስጥ የሚደበቅበት ቤት ብዙ ነበር።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ አረፈ። ገና 41 ዓመቱ ነበር። እኔ ያኔ የጡት ልጅ ነበርኩ። ጃንሆይ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁ፤ ራሳቸውም ቀብሩ ላይ ቆሙ። ስልሳ አምስት ሺሕ ያህል ሰው በቅዱስ ዮሴፍ እንደሸኘው ተጽፏል። ዓመት ሳይሞላ ዘውዱም ወረደ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ትዕግሥት ገዛኸኝ የማየት ጉዳት ባለባቸው አትሌቶች የ1,500 ሜትር ውድድር አሸንፋ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ያን ዕለት ከማውቃቸው ሰዎች ለአራቱ ደውዬ ነበር፤ ሦስቱ ዜናውን አልሰሙም። ከተማው ቶኪዮ ነው። ትዕግሥት የሮጠችበት ብሔራዊ ስታዲየም የተሠራው፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. አበበ ብቻውን የገባበት አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ በዚያው ቦታ ላይ ነው።