ዓይነ ስውሩ የወረርሽኝ ቀማሪ

ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ዊልያም ከርማክ በ1898 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በ1924፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ኤዲንብራ ላቦራቶሪ ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ ሁለት ዓይኖቹ ጠፉ። ምርምሩን ግን አልተወም፤ ሌሎች እያነበቡለት ሒሳቡን በጭንቅላቱ ይሠራ ነበር!

በ1927 ከሐኪሙ ማክኬንድሪክ ጋር ሕዝቡን በሦስት ከፈሉት፦ ገና ያልታመመ፣ የታመመ፣ ከበሽታው የወጣ (ድኖም ይሁን ሞቶ)። ወረርሽኙ የሚበርደው ያልታመመ ሰው እስኪያልቅ ጠብቆ ሳይሆን፣ ቁጥሩ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ መሆኑን በስሌት አሳዩ።

ታዲያ ስሌቱ ሰው ሁሉ እኩል ይገናኛል ብሎ ይነሣል። እኛ እዚህ ላይ አንስማማም። የሸነን ገበሬ በገበያ ቀን ስንቱን ያገኛል፣ በአዘቦትስ? በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታም ወደ አገራችን የገባው እኮ በመንገደኛ ነው። ጉዞን በስሌት ያስገቡት ከእሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ናቸው።

ከርማክ በ1970 ሥራ ላይ እንዳለ ሞተ።