ሊዮፖልድ ሞዛርት፦ የቫዮሊን መምህርና አባት

ሞዛርት ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ልጁ ቮልፍጋንግ ነው። አባትየው ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኛ ግን ወደ ማስተማር ሥራ የምንገባ ሰዎች ስለሆንን፣ ለዛሬ የአባትየውን ሕይወት መርጠናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ሊዮፖልድ ሞዛርት ኖቬምበር 14 ቀን 1719 አውግስበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበረ በ1737 ወደ ሳልዝበርግ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይሁን እንጂ ከትምህርት ገበታው እየቀረ ስላስቸገረ በ1739 ተባረረ። ለዕጩ መምህር ምሳሌ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ታሪኩ ግን እንዲህ ነው። ከዚያ በአንድ መኮንን ቤት አገልጋይም ሙዚቀኛም ሆኖ ተቀጠረ። በ1743 ደግሞ የሳልዝበርግ ገዥ በነበረው ሊቀ ጳጳስ ኦርኬስትራ ውስጥ አራተኛ ቫዮሊን ተጫዋች ሆነ። በ1747 አና ማሪያ ፔርትልን አገባ። ሰባት ልጆች ወለዱ፤ አምስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። የተረፉት በ1751 የተወለደችው ማሪያ አና፣ በቤት ስሟ ናነርል፣ እና በጃንዋሪ 1756 የተወለደው ቮልፍጋንግ ብቻ ናቸው።

በዚያው በ1756 ሊዮፖልድ ስለ ቫዮሊን አጨዋወት የጻፈው ትልቅ የማስተማሪያ መጽሐፍ አውግስበርግ ላይ ታተመ። ቆየት ብሎም ወደ ሆላንድኛና ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጎመ። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፎች አሉት። ቫዮሊን ባለ አራት ክር ሆኖ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ ስለሆነ፣ በርካታ ምዕራፎቹ ስለ ደጋን አያያዝ ናቸው። ድምፁን በአንድ ምት በለሆሳስ መጀመር፣ መሃል ላይ ማጠንከር፣ መጨረሻው ላይ መልሶ ማለዘብ፤ እንዲህ ያለውን ልምምድ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል።

ሥርዓት ላይ ድርድር አያውቅም። ጀማሪው ኖታውንና ምቱን የሚያስተምረውን የመጀመሪያውን ምዕራፍ አጥንቶ ሳይጨርስ፣ መምህሩ ቫዮሊኑን ሊያስይዘው አይገባም ብሎ ጽፏል። የድምፆቹን ስም በወረቀት እየጻፉ ቫዮሊኑ አንገት ላይ የሚለጥፉ አስተማሪዎችንም አይወድም። ጆሮ ያለው ልጅ ወረቀቱ አያስፈልገውም፤ ጆሮ የሌለው ደግሞ ቫዮሊኑን ትቶ የእንጨት መፍለጫ ምሳር ቢይዝ ይሻለዋል ባይ ነበር። በዚህኛው እንኳ እኛ አንስማማም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሥርዓት አንድ ቀን በገዛ ቤቱ ፈረሰ። ነገሩ የሆነው ቤተሰቡ በ1763 መጀመሪያ ከቪየና ጉዞ ከተመለሰ በኋላ ነው። ቮልፍጋንግ ገና ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከጉዞው አንዲት ትንሽ ቫዮሊን ይዞ መጥቷል። ቬንትስል የሚባል ሙዚቀኛ በሦስት ሰው የሚመቱ ስድስት አዳዲስ ድርሰቶች ይዞ መጣና ሊሞክሩ ተቀመጡ። እንግዳው አንደኛ ቫዮሊን፣ የቤተሰቡ ወዳጅ መለከት ነፊው ሻክትነር ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ሊዮፖልድ ደግሞ በቪዮላ ዝቅተኛውን ድምፅ ያዙ። ትንሹ ልጅ መጣና ሁለተኛውን እኔ ልምታ አለ። አባት እምቢ አለ፤ ልጁ ቫዮሊን ገና አልተማረም። ልጁ ደግሞ ሁለተኛ ቫዮሊን ለመምታት ትምህርት ምን ያደርጋል ብሎ ተከራከረ። አባት ተቆጥቶ ሂድ ቢለው፣ ልጁ ምርር ብሎ እያለቀሰ ቫዮሊኑን ይዞ መውጣት ጀመረ። ያን ጊዜ ሻክትነር ከኔ ጋር ይምታ ብሎ ለመነለት። ሊዮፖልድም ድምፁ እንዳይሰማ ቀስ አድርጎ እንዲመታ አስጠንቅቆ ፈቀደ።

ጥቂት እንደተጫወቱ ሻክትነር የሱ ቫዮሊን ትርፍ መሆኑን አየና ዝም ብሎ አስቀመጠው። ወደ አባትየው ዘወር ሲል፣ የሊዮፖልድ እንባ በጉንጩ ላይ ይወርድ ነበር። ልጁ ስድስቱንም ጨረሰ። ተደፋፍሮ አንደኛውንም ሞከረ፤ የጣት አጣጣሉ ሁሉ የተሳሳተ ነበር፤ ግን አንድም ቦታ አልቆመም። ያ የመጀመሪያው ምዕራፍ የት ገባ? ልጁ ማታ ማታ አባቱና ወዳጆቹ ሲጫወቱ እየሰማ ነው ያደገው። ናነርልም አባቷ እያስተማራት ክላቪየር የሚባለውን የፒያኖ ዓይነት በሚገባ ትመታ ነበር፤ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ቫዮሊን ማስያዝ እምብዛም አልተለመደም።

ከ1763 እስከ 1766 ሊዮፖልድ ቤተሰቡን ይዞ ፓሪስን፣ ለንደንን፣ ሌሎችንም ከተሞች ዞረ። በ1765 ሁለቱም ልጆች ሆላንድ ውስጥ በታይፎይድ ለሞት ተቃርበው ነበር። በልጆቹ ነገደ ብለው የሚወቅሱት አሉ፤ ያለ ምክንያትም አይደለም።

ቮልፍጋንግ አድጎ በሳልዝበርግ ኦርኬስትራ የቫዮሊን መሪ ሆነ። ከ1773 እስከ 1775 ባለው ጊዜም አምስት የቫዮሊን ኮንቼርቶዎች ጻፈ። በ1777 ግን ሥራ ፍለጋ ከእናቱ ጋር ከአገር ወጣ። ሊዮፖልድ ፈቃድ ስለተከለከለ ከናነርል ጋር ቀረ። ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ወደ ቤት በተቃረበ ቁጥር የሱ ቫዮሊን ከውስጥ የሚሰማው እየመሰለው ልቡ እንደሚያዝን ነገረው። ቆይቶ ደግሞ ቫዮሊኑ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይሆናል ብሎ ነቀፈው። ግምቱ ከእውነት አልራቀም፤ የልጁ ልብ ወደ ክላቪየር ሄዷል። ይባስ ብሎ እናቲቱ ጁላይ 3 ቀን 1778 ፓሪስ ላይ ሞተች። ሊዮፖልድ የሚስቱን ሞት በከፊል በልጁ ቸልተኝነት አሳበበ። ቮልፍጋንግ በ1781 ቪየና ሲቀር፣ በ1782ም አባቱ ሳይወድለት ሲያገባ፣ መካከላቸው ይበልጥ ሻከረ።

ያም ሆኖ ሊዮፖልድ በ1785 ቪየና ሄዶ ልጁን ጎበኘ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን በልጁ ቤት አዲሶቹ ኳርቴቶች ሲመቱ ሰማ። እንግዳ ሆኖ የተገኘው ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ሃይድንም ከሚያውቃቸው ደራሲዎች ሁሉ ልጁ እንደሚበልጥ ነገረው። ቮልፍጋንግ ቪየና ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት የሚመርጠው ቪዮላን ነበር፤ በ1763 ሦስቱ ሲጫወቱ አባቱ የያዘውን መሣሪያ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ በ1786 ቮልፍጋንግ ልጆቹን እንዲይዝለት ቢጠይቅ እምቢ ያለው ሊዮፖልድ፣ የናነርልን የበኩር ልጅ ግን ራሱ ያሳድግ ነበር። ሕፃኑ በጁላይ 1785 ሳልዝበርግ ተወልዶ፣ እናቱ ወደ ባሏ አገር ስትመለስ ከአያቱ ጋር ቀረ፤ ስሙም ሊዮፖልድ ነው። አያትየው ስለ ሕፃኑ ጥርስ፣ ስለ ሳሉ፣ ስለ እንቅልፉ ሁሉ ለናነርል ይጽፍላት ነበር። በአንዱ ደብዳቤ የሕፃኑን ቀኝ እጅ ባየ ቁጥር ልቡ እንደሚነካ ገለጸላት፤ ጣቶቹ የተቀመጡት ልክ ክላቪየር ላይ እንዳረፈ የጎበዝ ተጫዋች እጅ ነው አላት። ሊዮፖልድ ሜይ 28 ቀን 1787 ሲሞት ሕፃኑ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።