ሮበርት ዋትሰን ዋት፦ ከመብረቅ ፍለጋ እስከ ራዳር

በአባያ ሐይቅ ላይ ነፋስ የሚያስነሳውን ማዕበል ከዳርቻ ሆኖ በባሕር ራዳር ለመለካት የሚያቅድ ተመራማሪ አንድ ምቹ እና አንድ አስቸጋሪ ሁኔታ ይገጥመዋል። ሐይቁ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ነፋሱ ማዕበል የሚያሳድግበት ሰፊ የውሃ ገጽ ያገኛል። በሌላ በኩል የጋሞ ዞን ዋናው ዝናብ በሚወርድባቸው በሚያዝያና በግንቦት የራዳሩ ምስል ይበላሻል። በውቅያኖስም ያለው ይኸው ችግር ከራዳር ቀዳሚ መሐንዲስ የሕይወት ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

ሮበርት ዋትሰን ዋት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1892 በስኮትላንድ ብሬኪን ከተማ ከአናጺ ቤተሰብ ተወለደ። በዳንዲ ምሕንድስና አጥንቶ በ1912 ተመረቀ። በ1915 የብሪታንያን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሲቀላቀል ዓላማው የጦር መሣሪያ መፈልሰፍ ሳይሆን አብራሪዎችን ከነጎድጓዳማ ደመና የሚያስጠነቅቅ ዘዴ ማግኘት ነበር። መብረቅ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚረጭ፣ ሞገዱ የመጣበት አቅጣጫ ከታወቀ ደመናው ያለበትም ይታወቃል። ነገር ግን ምልክቱ በቅጽበት ስለሚጠፋ በእጅ በሚዞር አንቴና መያዝ አዳጋች ነበር። መፍትሔው የተገኘው በ1920ዎቹ ነው፤ ከባልደረባው ከኸርድ ጋር ሆኖ እርስ በርስ የሚቋረጡ ሁለት አንቴናዎችን ከኦሲሎስኮፕ ጋር በማያያዝ የመብረቁ አቅጣጫ በስክሪኑ ላይ እንደ መስመር እንዲታይ አደረገ። ራዳር ከዚህ የአየር ጠባይ ጥናት መወለዱ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በ1935 መጀመሪያ የብሪታንያ የአየር ሚኒስቴር በሬዲዮ ሞገድ አብራሪን የሚገድል ጨረር ይቻል እንደሆነ ጠየቀው። እርሱም ጥያቄውን ለውጦ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ጥቂት ሊትር ውሃን ለማሞቅ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ እንዲያሰላ ለረዳቱ ለአርኖልድ ዊልኪንስ ሰጠው። ውሃው የሰውን ደም የሚተካ መሆኑ ለዊልኪንስ አልተሰወረም። ስሌቱ ጨረሩ የማይሆን መሆኑን አሳየ። ሆኖም ዊልኪንስ አውሮፕላን ሲያልፍ የሬዲዮ ምልክት እንደሚረበሽ አስታወሰ፤ ሐሳቡም ከጨረር ወደ ፍለጋ ዞረ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን በዳቬንትሪ አቅራቢያ የቢቢሲ ማሰራጫ የላከው ሞገድ ከአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲንጸባረቅ በ13 ኪሎ ሜትር ርቀት ታየ። ከጦርነቱ በኋላ ለግኝቱ ከተሰጠው ሽልማት ትልቁ ድርሻ፣ 50,000 ፓውንድ፣ የዋትሰን ዋት ሆነ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የዊልኪንስ ስም እስከ ዛሬ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም።

ዋትሰን ዋት ፍጹም መሣሪያ ከመጠበቅ ጉድለት ያለበትን በጊዜው ማድረስ ይሻላል ብሎ ያምን ነበር። በብሪታንያ ጠረፍ የተተከሉት የመጀመሪያ ጣቢያዎች ከ10 ሜትር በላይ ርዝመት ባለው ሞገድ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ለእንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ የዝናብ ጠብታ እንደሌለ ያህል ነው። በ1940 በበርሚንግሃም ራንዳልና ቡት ማግኔትሮንን ሲሠሩ ግን የራዳር ሞገድ ወደ ሴንቲሜትሮች አጠረ፤ ዝናቡም በስክሪኑ ላይ መታየት ጀመረ። በ1915 ዋትሰን ዋት አጥብቆ ይፈልገው የነበረው ደመና ሳይጠራ መጣ፤ አውሮፕላን ለሚጠብቀው ኦፕሬተር ግን እንቅፋት ነበር።

ዋትሰን ዋት በ1942 የሰር ማዕረግ አገኘ። በ1950ዎቹ በካናዳ ሲያሽከረክር ከፍጥነት ወሰን በማለፉ በራዳር ተይዞ መቀጣቱ በታሪኩ ውስጥ ፈገግ የሚያሰኝ ገጽ ነው። ዲሴምበር 5 ቀን 1973 በኢንቨርነስ አረፈ።

በ1985 ያንግ፣ ሮዘንታልና ዚመር ከተከታታይ የመርከብ ራዳር ምስሎች የማዕበልን አቅጣጫና ርዝመት የማውጣት ዘዴ አሳተሙ። በ3 ሴንቲሜትር ሞገድ የሚሠራው ራዳር ትልቁን ማዕበል የሚያየው ነፋስ በላዩ ላይ በሚፈጥራቸው ጥቃቅን እጥፋቶች በኩል ነው። ዝናብ እነዚህን እጥፋቶች ያውካል፤ ጠብታዎቹም በአየር ላይ ሳሉ ሞገዱን ይመልሳሉ፣ ኃይሉንም ይቀንሳሉ። ወደ 10 ሴንቲሜትር ሞገድ መሻገር የዝናቡን ጫና ያቃልላል፤ የማዕበሉ ምስል ግን ይደክማል። ስለዚህ በአባያ ዳር ለሚሠራ ተማሪ የመጀመሪያው ተግባር ዝናብ የነካቸውን ምስሎች መለየት ነው። የተለዩትንም መጣል አይገባም፤ ማዕበሉን የሸፈነው ያው ምልክት ለሜትሮሎጂ ባለሙያ ዝናቡ የትና መቼ እንደወረደ የሚያሳይ መረጃ ነው።