ቤታቸውን ለተማሪ የሰጡት ንጉሥ

ከውርጌሳ እስከ ወልዲያ ባለው መንገድ ዳር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲነሳ የ66ቱ ረሃብም አብሮ ይነሳል። ዛሬ ግን የጃንሆይን ሕይወት በአንድ ግቢ በኩል ላስቃኛችሁ፤ በስድስት ኪሎ።

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ስድስት ኪሎ ላይ ያሠሩትን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በቅጡ ሳይኖሩበት በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባና ተሰደዱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ግቢ ነው። ጣሊያኖች በሙሶሎኒ የሥልጣን ዓመታት ቁጥር ልክ የደረጃ ሐውልት አቆሙበት። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት እንጂ።

ከስደት መልስ ጃንሆይ ትምህርትና ዘመናዊ ግንባታ ላይ አተኮሩ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረና ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት በገነተ ልዑል ተገደሉ። በቀጣዩ ወር ደግሞ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ንጉሡ ደም የፈሰሰበትን ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ተመረቀ። በኋላም የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትን የመሰሉ ዘመናዊ ሕንፃዎች ግቢው ውስጥ ተጨመሩ።

ታዲያ የሚገርመው ነገር፣ በ1965 ዓ.ም. የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ረሃቡን በፎቶግራፍ አነሱ፤ ተመልሰውም ለተማሪው አሳዩ። ተማሪው ተቆጣ፣ ሰልፍ ወጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር እስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። አጽማቸው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው። የሰጡት ቤት ፈራጃቸውን አስተማረ ማለት ነው።

እንግዲህ ግቢው የሳቸው ክብርም ጥፋትም የተጻፈበት መዝገብ ነው። ከመዝገብ ውስጥ ደስ የሚለንን ገጽ ብቻ መርጠን ማስቀረት አንችልም። የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ለግቢ ሕንፃዎችና ዛፎችም ተመሳሳይ ትኩረት ያስፈልጋል፤ ፕላናቸው ይሰብሰብ፣ ፎቶ ይነሱ፣ የሠሩባቸውና የተማሩባቸው ሰዎች ቃል ይቀረጽ። ይህ የአርክቴክት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ካሜራና መቅረጫ የያዘ የጋዜጠኝነት ተማሪም ሥራ ነው እላለሁ። ሕንፃ ከፈረሰ በኋላ ቃለ መጠይቅ አይሰጥምና!